ያኔ በሹክሹክታ፣ ዛሬ በእልልታ

ወይ ቦሌ! ወይ ጊዜ! ወር በገባ በ27 ማለዳ ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም ብቅ ብሎ ያንን ጉልላት ቀና ብሎ ያየ፣ ነጠላ ያጣፋው ሕዝብ አስፋልቱን ሞልቶ ሲጎርፍ የተመለከተ፣ ትራፊክ ፖሊሱ እንኳ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ሲያማትብ ያስተዋለ ሰው በደስታ ካልሰከረ በምን ይሰክራል? ቀኑ እሑድ ከዋለ ደግሞ ጥቂት አለፍ ሲሉ የወንጌል አማኞች መዝሙር ከነጊታሩ ከአዳራሹ እየፈነዳ ይወጣል። የዙሁር ሰዓት ሲደርስ አዛኑ ይከተላል። ቦሌ አምላኳን በአደባባይ ትጠራለች፤ የሚከለክላት የለም!

እኔ ያደግኩባት ቦሌ ግን ሃይማኖት በለሆሳስ የሚነገርባት፣ መንግሥት በድምፅ ማጉያ የሚጮህባት ሰፈር ነበረች። ሁለቱንም በዓይኔ አይቻለሁ። ያየሁትን ለልጆቼ ሳወራ አያምኑኝም፤ እኔ ግን ማውራቴን አልተውም፤ ደስታዬ እጥፍ የሚሆነው ያንን ሳስታውስ ነውና።

በ1970ዎቹ ልጅ ነበርኩ። ገርጂ ያኔ እርሻ ነው፤ ጤፍ ሲታጨድ፣ በሬ ሲጠመድ ከቤታችን ደጃፍ ይታያል። «አያት! አያት! ሰሚት!» ብሎ የሚጣራ ታክሲ አልነበረም። የነበረው የእሑድ ስብሰባ ነው። ኧረ የእሑድ ስብሰባ! ቅዳሴው ሳያልቅ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰፈሩን ያናውጠዋል፤ ስለ መደብ ትግል፣ ስለ ምርት ዘመቻ፣ ስለ ፀረ አብዮተኞች። የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ስኳሩም ሳሙናውም የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ ስለነበር ስም መያዝ ቀላል ነገር አልነበረም። እናቴ ታዲያ ሌሊት ተነስታ ኪዳን ታደርስና ነጠላዋን ዘንቢል ውስጥ ከሽንኩርቱ ሥር ከትታ፣ ከገበያ የምትመለስ መስላ ስብሰባው ላይ ከፊት ትቀመጣለች። አብዮቱም ረካ፣ መድኃኔዓለምም አልተቀየመ!

ትምህርት ቤት ውስጥ ደግሞ መምህራችን ፈጣሪ እንደሌለ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስረዱናል። እኛም በደብተራችን እንጽፋለን። የፈተና ቀን ሲደርስ ግን ክፍሉ በሙሉ አማትቦ ነበር ወረቀቱን የሚገለብጠው። ሰፈራችን የነበረ አንድ የፓርቲ ካድሬ ወንድ ልጅ ሲወለድለት «ሕፃኑ አያቱን ይጠይቅ» ተብሎ ወደ ገጠር ተላከ፤ በአርባ ቀኑ ተጠምቆ፣ አንገቱ ላይ ማተብ ታስሮለት ተመለሰ። ማተቡን ያየ ጎረቤት ሁሉ እያየ እንዳላየ ሆነ። አዋጅ የማይደርስበት ጥግ እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ከቤታችን ጀርባ የወንጌል አማኞች ቤተሰብ ነበር። የሙሉ ወንጌል አዳራሾች ተዘግተው ስለነበር ጸሎቱ ከቤት ቤት ይዞር ነበር። ተራው የነሱ ሲሆን መጋረጃው ይጋረዳል፣ ሬዲዮው ከፍ ይደረጋል፣ መዝሙሩ በሹክሹክታ ይዘመራል። እኔና የቤቱ ልጆች በር ላይ ገበጣ እንድንጫወት እንመደባለን፤ ጠባቂዎቹ እኛ ነበርን! የቀበሌው ሊቀመንበር በመንገዱ መታጠፊያ ብቅ ካለ እንሮጣለን። እናቴ ማዕተቧን ያሰረች፣ ጾሟን የማትገድፍ ኦርቶዶክስ ናት፤ ነገር ግን ሊቀመንበሩ መምጣቱን ስትሰማ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ «እትዬ! ኧረ ቡናው ሊቀዘቅዝ ነው፣ እንግዶቹን ይዘሽ ነይ!» ብላ ትጣራለች። ያ ሁሉ ዘማሪ በእኛ ሳሎን ሲኒ ይዞ ይገኛል። ስለ ሃይማኖት መቻቻል ስብሰባ በተጠራ ቁጥር እኔ የማስበው ያንን የእናቴን ጥሪ ነው። የትኛውም የፖሊሲ ሰነድ ከዚያ አይበልጥም!

አያቴ ደግሞ ከደርግ በፊት የነበረውን ትተርክልን ነበር፤ ቤተ ክህነትና ቤተ መንግሥት አንድ ማዕድ ላይ የተቀመጡበትን ዘመን። በ1948 የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የዚህችው እምነት ተከታይ እንዲሆኑ፣ ስማቸውም በጸሎት ሁሉ እንዲነሳ ደንግጎ ነበር። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ለቤተ ክርስቲያኒቱ በስሟ የሕግ ሰውነት ሰጣት። «ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው» ይባል ነበር፤ ቢሆንም ሕጉ አንደኛዋን ቤተ ክርስቲያን ከዙፋኑ ጎን ያስቀመጠ ነበር።

1951 ዓ.ም. ደግሞ እንዴት ያለ ዓመት ነበር! በዚያው አንድ ዓመት ውስጥ፣ በጥር የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች፤ በሰኔ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ። ለ1600 ዓመት ያህል ጳጳስ ከግብፅ ስታስመጣ የኖረች አገር የራሷን ፓትርያርክ አየች! ያም ቢሆን የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱ ለዓመታት ከእስክንድርያ ጋር ያስደራደሩበት የመንግሥት ፖሊሲ ነበር።

ነገር ግን ከዙፋን ጋር የተቀመጠ ከዙፋን ጋር ይወድቃል። ንጉሡ በመስከረም 1967 ወረዱ። በየካቲት የገጠር መሬት፣ በሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰፊ ርስትና የኪራይ ቤትም አብሮ ሄደ። በ1968 ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ተነስተው ታሰሩ። በ1971 ክረምት እሳቸውም፣ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። የሁለቱም አጽም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። በአስተምህሮ የተለያዩ ሁለት አባቶችን ያው መንግሥት በዚያው ክረምት ገደላቸው። የደስታ ትዝታዬን ስጽፍ እነዚህን ሁለት ሰዎች አልዘልላቸውም፤ ዛሬ በአደባባይ የምንዘምረው በነሱ ደም ላይ ቆመን ነውና። ለደርግም የሚገባውን ልስጠው፤ የሙስሊሙ በዓላት ለመጀመሪያ ጊዜ ብሔራዊ በዓል ሆነው ከሥራ የተረፍንባቸው በዚያው ዘመን ነው። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች በዒድ አዲስ ልብስ ለብሰው በኩራት ሲወጡ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ 1983 መጣ፤ ደርግ ወደቀ! መጋረጃው ተቀደደ ልበል? ከጀርባችን የነበረው ሹክሹክታ በአንድ ጊዜ መጀመሪያ ሳሎን፣ ቀጥሎ ግቢ፣ ቀጥሎ ድንኳን፣ ቀጥሎ አዳራሽ ሆነ። የተዘጉ አዳራሾች ተከፈቱ። የእናቴ ነጠላ ከዘንቢሉ ወጣ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያየ፤ መንግሥታዊ ሃይማኖት እንደማይኖር፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ደነገገ። በአንቀጽ 27 ደግሞ እምነትን በነፃነት የመያዝና የማስፋፋት መብት ሰጠ። እነዚያ ሁለት አንቀጾች የምሥራቅ አዲስ አበባን መልክ ቀየሩ ብል ማጋነን አይደለም። የ1987 የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱን 10.2 በመቶ አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ በ1999 ደግሞ 18.6 በመቶ ሆነ። በዚያው ጊዜ ኦርቶዶክሱ ከ50.6 ወደ 43.5 በመቶ ዝቅ አለ። ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ ቦሌ ቡልቡላ ሕንፃ ባበቀሉ ቁጥር ጉልላትና የጸሎት አዳራሽም አበቀሉ። ጤፍ ሲታጨድበት ባየሁት መሬት ላይ ዛሬ ማኅሌት ይቆማል!

ክርክሩም አደባባይ ወጣ። በ2002 ክረምት በቦሌ መድኃኔዓለም ግቢ የያኔው ፓትርያርክ የአቡነ ጳውሎስ ሐውልት ሲመረቅ ሰፈሩ በሙሉ ሁለት ወገን ሆነ። ቡና ቤት ውስጥ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳይቀር «በሕይወት ላሉ አባት ሐውልት ይቆማል ወይ?» የሚለው ጥያቄ አፋጠጠን። ጳጳሳቱም ተከራከሩበት። ሌላው ስለ ሐውልቱ ይጨነቅ፤ እኔ በክርክሩ ልቤ ሞቀ። ምእመን ስለ ፓትርያርኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲከራከር ያየሁበት ዘመን ነዋ! በልጅነቴ ስለ ቀበሌ ሊቀመንበር እንኳ ጮክ ብሎ የሚያወራ አልነበረም።

ወንበሩም ተቀየረ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የአገሪቱ መሪ ኦርቶዶክስ መሆን ነበረበት። በመስከረም 2005 የሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን አማኝ የሆኑት አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ማሉ። በመጋቢት 2010 ደግሞ የወንጌል አማኝ የሆኑት ዶክተር ዐቢይ አሕመድ የመጀመሪያ ንግግራቸውን በፈጣሪ ምርቃት ሲዘጉ እናቴ «አሜን!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። ከቤታችን ጀርባ የነበሩት እትዬም በዚያች ሰዓት ስልክ ደወሉ፤ ሁለቱ አሮጊቶች በስልክ ተላቀሱ። በመጋረጃ ተሸፍነው የዘመሩ ሰዎች የእምነታቸው ልጅ አገር ሲመራ አዩ። ምን ይባላል!

ሐምሌ 25 ቀን 2010! ኧረ ያችን ቀን እንዴት ልርሳት? በስደት የነበሩት አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆይተው፣ የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች በዋሽንግተን ታርቀው፣ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር በአንድ አውሮፕላን ቦሌ ላይ አረፉ። እኛ የቦሌ ልጆች ስንት መሪ ሲመጣና ሲሄድ አይተናል፤ ጥቁር መኪና ሲያልፍ ቆመን ማየት ልማዳችን ነው። በዚያ ቀን ግን መንገዱ በዝማሬ ተሞላ። ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ እልልታው! በዚያው ሳምንት በሚሊኒየም አዳራሽ ሁለቱ ፓትርያርኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ስናይ ደግሞ የማላውቃቸውን ሰዎች እያቀፍኩ አለቀስኩ። መንግሥት ቤተ ክርስቲያንን ከመከፋፈል ይልቅ ለማስታረቅ ሲለፋ ያየሁበት ቀን ነበር።

የዕለት ኑሯችንስ? ክርስትና በቦሌ ፖሊሲ ብቻ ሳይሆን ሜኑ ሆኗል! ሥርዓቱን ሁሉ የሚጾም ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ያኔ የጾም ምግብ ማለት ሽሮና ጎመን ነበር፤ ዛሬ የቦሌ ካፌ የጾም ኬክ፣ የጾም በርገር፣ የጾም ማኪያቶ እያለ ይጋብዛል። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ የወተት ገበያው ይቀዘቅዛል፣ በያይነቱ ሠሪዋ ቀና ትላለች። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ቦሌ ያለው አየር መንገዳችን ለጿሚ መንገደኛ የጾም ምግብ በሰማይ ላይ ያቀርባል! እስቲ በዓለም ላይ የትኛው አገር ነው ረቡዕና ዓርብን እንዲህ የሚያከብረው? የአገሩ ሕግ ይህን አላዘዘም፤ የሰው ልማድ ግን ነጋዴውንም መሥሪያ ቤቱንም አስገደደ።

ሁሉም እልልታ አልነበረም። ከተማዋ ወደ ምሥራቅ ስትሰፋ ኮንዶሚኒየሙ ቀደመ፣ የጸሎት ቦታው ዘገየ። ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ቆርቆሮ ያቆማል፣ ካርታ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል። በጥር 2012 ሃያ ሁለት አካባቢ ለቤተ ክርስቲያን በተያዘ ቦታ ላይ የጸጥታ ኃይል በሌሊት ገብቶ በተፈጠረው ግጭት ወጣቶች ሞቱ። የመሬት ፖሊሲ የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደሆነ ያኔ ቦሌ በለቅሶ ተማረች። በዚያው ዓመት የተወካዮች ምክር ቤት የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትንና የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልን በአዋጅ አቋቋመ። ማኅበር ተብለው ፈቃድ ሲያሳድሱ የኖሩ እምነቶች የራሳቸው ሕጋዊ ቁመና ያለው ተቋም አገኙ። ይህን ዜና ስሰማ ያ በገበጣ የተጠበቀ ጸሎት ታወሰኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

ከሁሉም በላይ ግን 2015! በጥር 14 ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ያለ ቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ከ20 በላይ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ምእመኑ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይገልገል የሚለው ጥያቄ ከጉዳዩ ሥር ነበረበት፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ሲኖዶሱ ሹመቱን አወገዘ፣ መንግሥት ጣልቃ ገብቷል ሲል ተቃወመ፣ ምእመኑ በጾመ ነነዌ ጥቁር ለብሶ እንዲጸልይ አዘዘ። ከጥር 29 ጀምሮ ለሦስት ቀን ቦሌ ጥቁር ለበሰች! የባንክ ቤቷ ገንዘብ ከፋይ፣ የካፌው አስተናጋጅ፣ የኮሌጁ ተማሪ፣ ሕንፃ ላይ ያለው ቀን ሠራተኛ፣ ሁሉም። በዚሁ ጉዳይ ሻሸመኔ ላይ የሰው ሕይወት ጠፍቶ ስለነበር ሐዘኑ እውነተኛ ነበር። ለየካቲት 5 ሰላማዊ ሰልፍ ተጠራ። በየካቲት 3 ጠቅላይ ሚኒስትሩ አባቶችን ጠርተው አነጋገሩ፣ ሰልፉ ተራዘመ፣ በየካቲት 8 ስምምነት ተደረሰ፤ የቋንቋው ጥያቄም በስምምነቱ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ልብ በሉ! በ1968 ፓትርያርኩ ሲታሰሩ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለዘመናት ከመንግሥት ጋር የኖረች ተቋም ነበረች፤ ሊያድናቸው የተንቀሳቀሰ ሰልፍ ግን አልነበረም። በ2015 መንግሥታዊ ሃይማኖት የሚል አንቀጽ የለም፣ ርስት የለም፣ ዘውድ የለም፤ የነበረው ጥቁር የለበሰ ሕዝብ ብቻ ነው። መንግሥትን ወደ ጠረጴዛ ያመጣው እሱ ነው። ቤተ መንግሥት ምድጃ ነው፤ ሲርቁት ይበርዳል፣ ሲገቡበት ያቃጥላል። ክርስትና ፖለቲካን የሚያቀናው ከወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሳይሆን ከደጁ ቆሞ እውነት ሲናገር ነው። እንግሊዝ እስከ ዛሬ 26 ጳጳሳት በላይኛው ምክር ቤት ታስቀምጣለች፤ ሕዝቡ ግን ከቤተ ክርስቲያን እየራቀ ነው። የደቡብ አፍሪካው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሥልጣን ሳይዙ አፓርታይድን ተጋፈጡ፤ ዓለምም ሰማቸው።

ይህን የምለው ለሁላችንም ነው። የእኔ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ባለሥልጣን ሲሆን ደስ ይለኛል፤ የእትዬ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሲሆንም ደስ ይለኛል። ያ ባለሥልጣን ግን መዝሙሩን ስላወቀ ብቻ ከጥያቄ እንዲያመልጥ አልፈልግም። ካህኑ ለካድሬ፣ ፓስተሩ ለከንቲባ፣ ሼኹ ለሚኒስትር ያለ ፍርሃት «ይህ ድሃውን ይጎዳል» ይበሉ። የከተማችን መሬት አስተዳደር አዲስ ሰፈር ሲነድፍ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለጸሎት አዳራሽ ቦታውን አስቀድሞ፣ በአንድ ሕግ፣ በግልጽ ይለይ፤ ያኔ በሌሊት የሚፈርስ ቆርቆሮም፣ የሚሞት ወጣትም አይኖርም።

ጥምቀት ደግሞ ይምጣ! በታኅሣሥ 2012 በዩኔስኮ የማይዳሰስ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ጥምቀታችን! ያኔ ኋላ ቀር ይባል የነበረውን በዓል ዛሬ መንግሥት ራሱ ለዓለም እያሳየ ቱሪስት ይጋብዝበታል። ታቦታቱ ሲወጡ የሰፈሩ ወጣቶች አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው አስፋልቱን በሌሊት ይጠርጋሉ፣ ቀይ ምንጣፍ እየተሸከሙ እየሮጡ ያነጥፋሉ፣ መንገድ ዳር ሙስሊም ጎረቤት ውኃ ያድላል፣ የወንጌል አማኙ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ምንጣፍ ይጎትታል። ምን ዓይነት ሕዝብ ነን! ይህን ወጣት ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም። መንገድ ማስተካከል፣ ሥርዓት ማስከበር፣ ሰው መቀበል ያውቃል። ጉልበቱን ለክፍለ ከተማው ስብሰባ፣ ለሰፈሩ ውኃና ለትምህርት ቤቱ ጥያቄም ያውለው፤ በጥምቀት የተማረውን በአዘቦት ቀን ይድገመው። እናቶቻችን በዘንቢልና በአጥር ላይ ጥሪ የጠበቁትን እምነት እናንተ ልጆች በሙሉ ድምፃችሁ ይዛችሁታል፤ ድምፁን ፍርድ ለተጓደለበት ሰው ሁሉ አሰሙበት!